አጋም የተጠጋ ቁልቋል፦ የሚያለቅሰው ማነው?

ባለፈው ዓርብ እዚህ ሻርጃ ባልና ሚስት ተኳርፈው አምስት ሆነን ለማስታረቅ ሄድን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ባልየው ወደ ሚስቱ በአገጩ እየጠቆመ «ያው ቁልቋል የተጠጋ አጋም ሲያለቅስ ይኖራል ነው፣ እኔም እሷን ተጠግቼ ይሄው ነው ኑሮዬ» አለና አንገቱን ደፋ። ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀለት። ሊያስታርቅ የሄደ ሰው ተረት ማረም ነውር ነውና ዝም አልኩ፣ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ቲክቶክ ላይም ፌስቡክ ላይም እንደዚሁ ተገልብጦ ሳየው ስለከረምኩ ዛሬ ልጻፈው ብያለሁ።

ተረቱ «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ነው። የሚያለቅሰው ቁልቋሉ ነው፣ አጋሙ አይደለም። ትርጉሙን ታውቁታላችሁ፣ አላቆያችሁም። እኔ ብዙ ያሰብኩበት ሰው ለምን ይገለብጠዋል የሚለውን ነው፣ መልሱም በለስ ይመስለኛል። የዛሬ ልጅ ቁልቋል ሲባል የሚታየው ያ ጠፍጣፋው፣ ፍሬው በላስቲክ እየታሰረ የሚሸጠው፣ እሾሁ ጣት ውስጥ ገብቶ የሚያሰቃየው ነው። እሱ ግን የባሕር ቁልቋል ነው፣ ትውልዱ ሜክሲኮ፣ «የባሕር» የተባለውም ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው፣ ልክ የባሕር ዛፍና የባሕር ማሽላ እንደምንለው። ታዲያ ያንን በለስ በአእምሮው ይዞ ተረቱን የሰማ ሰው «እሾሃሙማ ቁልቋል ነው፣ ስለዚህ አጋም ነው የሚያለቅሰው» ብሎ ቢያገላብጠው አይፈረድበትም። የተረቱ ቁልቋል ግን የአገሩ ቁልቋል ነው፣ ያ ረጅሙ፣ ክንዱን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚዘረጋው። እሱም ጠርዝ ጠርዙ ላይ አጫጭር እሾህ አለው፣ ግን ሥጋው ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ጫር ብታደርጉት ወተቱ ዱብ ዱብ ይላል።

እኔ ያደግኩት ወሎ ሐይቅ አካባቢ ገጠር ነው፣ የአባባ ግቢም ዙሪያውን በቁልቋል ነበር የታጠረው። አባባ አንድ ክንድ ከትልቁ ቁልቋል ይቆርጥና ወዲያው አይተክለውም፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ያጋድመዋል፣ ከዛ ጉድጓድ ምሶ ማቆም ነው፣ ውሃ አያስፈልገው፣ ከብት አይበላው፣ ዓመት ዓመት እያለ ግድግዳ ይሆናል። ችግሩ ቁልቋል ሲያድግ ከላይ ይንዠረገግና ከታች ግንዱ ይራቆታል፣ በዚያ ክፍተት ጥጃው ይሾልካል፣ ፍየል ይገባል፣ ማታ ደግሞ ጅብ አለ። ስለዚህ አባባ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ገደሉ ይወርድና አጋም ይቆርጣል፣ በእጅ አይነካምና በባላ እየጎተተ ያመጣውና በቁልቋሉ እግር ሥር በባላው እየገፋ ይጠቀጥቀዋል። በዚያ ላይ ራሱ የሚበቅልም አለ፤ ወፍ የአጋም ፍሬ በልታ ቁልቋሉ ላይ ታርፍና ፍሬውን እዚያው ትጥላለች፣ ሳይተክሉት አጋም ከሥር ብቅ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ነው ነገሩ። የአጋም እሾህ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል፣ ደረቅና ጠንካራ እሾህ ነው፤ ነፋሱ ቅርንጫፉን ወዲህ ባለው ቁጥር ቁልቋሉን ጠቅ ያደርገዋል፣ ወዲያ ባለው ቁጥር ደግሞ ይለቀዋል። ጠዋት ስንነሳ ቁልቋሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ደርቆ እናገኛለን፣ ልክ ጧፍ ሲቀልጥ ሰሙ እንደሚወርደው። እኛ ልጆች በእንጨት ስንፍቀው አባባ ከሩቅ ይጮሃል፣ «ተው አንተ ልጅ! ያ እንባ ዓይን ያጠፋል!» እንባ ነበር የሚለው፣ ወተት ብሎት አያውቅም። እውነቱንም ነው፣ የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ አደጋ ነው፣ እዚህ የምሠራበት ችግኝ መሸጫ እንኳ የዚህ ዘመድ የሆነ ተክል ስንቆርጥ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው።

አጋሙን ግን ማንም ክፉ ብሎት አያውቅም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። አበባው ነጭ ሆኖ ጀርባው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ሽታው ደግሞ አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆም ነው። ፍሬው ሲበስል ቀልቶ ቀልቶ ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከብት ስንጠብቅ ምሳችን እሱ ነበር፣ ማታ ምላሳችን ጠቁሮ ስንገባ የት እንደዋልን ማንም አይጠይቀንም። ሥሩንም ለቡዳ ብለው ሲያጨሱት አይቻለሁ። ደግሞ ፍሬው ከእንጨቱ ሲቀነጠስ እሱም ነጭ ወተት ያወጣል፣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ማለት አጋምም እንባ አለው፣ ግን ሰው ሲቀጥፈው ነው እንጂ ቁልቋል ነክቶት አያውቅም።

አባባ ይሄን ተረት ሲናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ልጁን ገና በልጅነቷ ምላሰኛና ኃይለኛ ቤተሰብ ውስጥ ድሯት፣ ልጅቷ በሦስተኛው ወር ተመልሳ መጥታ እናቷ ጉያ ውስጥ ስታለቅስ፣ አባትየው አማቾቹን ሊራገም እኛ ቤት መጣ። አባባ ሁሉንም ሰማውና «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል፣ አጥሩን አጣሪው አንተ አይደለህም ወይ?» አለው። ሰውየው ያን ቀን ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

እንግዲህ የኔ እምነት ከዚህ የመጣ ነው። ተረቱ ከአጥር ሥር የተወለደ ነው፣ የተወለደውም ለአጣሪው ነው። ቁልቋል እግር የለውም፣ ሄዶ አይጠጋም፣ ሰው ነው ወስዶ ያቆመው፣ አጋሙንም ሰው ነው ጎትቶ ያመጣው። «የተጠጋ» የሚለውን ቃልም እዩት፣ ጥገኛ፣ ተጠጊ፣ ጥገኝነት ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው። በ1967 የካቲት አዋጁ ወጥቶ መሬት ላራሹ እስኪሆን ድረስ ስንቱ ሰው የሌላ ሰው መሬት ተጠግቶ፣ ጭሰኛ ተብሎ ኖሯል፤ እነዚያ ሰዎች ይሄን ተረት ምሽት እሳት ዳር ሲሉት ስለ ተክል ብቻ ያወሩ ነበር ብዬ አላምንም።

ይሄ ሁሉ ትዝ የሚለኝ ሥራዬ ላይ ነው። እዚህ ችግኝ መሸጫ ነው የምሠራው፣ አብረውኝ ያሉት ብዙዎቹ የፓኪስታንና የሕንድ ቋንቋ የሆነው ኡርዱ ተናጋሪ ናቸው፣ የቁጥቋጦ ስም ከነሱ ነው የተማርኩት። ማታ ማታ ግቢውን በሽታ የምታጥለቀልቀዋ አበባ ራት ኪ ራኒ ትባላለች፣ «የሌሊት ንግሥት» ማለት ነው። እንቡጡ ክብና ነጭ የሆነውን የጠንበለል ዘመድ ሞቲያ ይሉታል፣ ሞቲ ማለት ሉል ነው። ዓመቱን ሙሉ የማትረግፈዋን ሳዳ ባሃር፣ «ሁልጊዜ ፀደይ» ይሏታል። ሮማን አናር ነው፣ «አንድ አናር፣ መቶ በሽተኛ» የሚል ተረትም አላቸው፣ ፈላጊው በዝቶ ነገሩ ሲያንስ የሚሉት ነው።

አንድ ቀን ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን የአጋም ዘመድ በየማሰሮው ስናስተካክል አበባውን አሸተትኩና ዝም አልኩ። ፓኪስታን ውስጥ ራዋልፒንዲ አካባቢ ያደገ ባልደረባዬ «ምን ሆንክ ባይ?» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። አገሬ እንደሱ ያለ ዱር ላይ አለ፣ ፍሬው ጥቁር ነው ስለው ሳቀና ስልኩን አወጣ። ከኢስላማባድ በላይ ያለው የማርጋላ ተራራ ላይ የተነሳ ፎቶ፣ አጋም! ራሱ አጋም! ገራንዳ ነው የሚሉት፣ ልጆች ለቅመው መንገድ ዳር ይሸጡታል፣ የጓሮውን ትልቁን ዓይነት ደግሞ ካሮንዳ ይሉትና በቅመም ዘፍዝፈው አቻር ይሠሩበታል። ከኛ አገር እስከነሱ ተራራ ድረስ ያው አንድ ቁጥቋጦ ነው።

ተረቱን በተሰባበረ ኡርዱዬ ስነግራቸው ግን ጆሮውን ያቆመው ከሕንድ፣ ከሉክናው የመጣው ሽማግሌ ነው። እነሱ ጋር ቤር እና ኬር ይባላል አለኝ። ቤር ማለት የኛ ቁርቁራ ዘመድ ነው፣ እሾሃም፤ ኬር ደግሞ ሙዝ። ራሂም የሚባል የሕንዱ ንጉሥ የአክባር ቤተ መንግሥት ሰው፣ በፈረንጅ ከ1556 እስከ 1627 የኖረ፣ በሁለት መስመር ግጥም ብሎታል፣ ሐሳቡም ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ፣ አንዱ በራሱ ደስታ ይወዛወዛል፣ የሌላው አካል ይቀደዳል የሚል ነው። «በራሱ ደስታ» የሚለው ላይ ስደርስ አባባ ታየኝ። አጋሙ ቁልቋሉን ልውጋ ብሎ አይደለማ፣ ነፋስ ሲመጣ መወዛወዝ ተፈጥሮው ነው።

እና ሰው ሚስቱን ወይ ጎረቤቱን ለመስደቢያ ሲያደርገው፣ ያውም ገልብጦ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። የተጎዳው እኔ ነኝ ለማለት የሚቸኩል ሰው አጋም ነኝ ብሎ ሲጀምር እኮ ሳያውቀው እሾሁን በራሱ ላይ መሰከረ። ባለፈው ዓርብ ሚስትየዋ ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ቃል ሳትናገር ስኒ ታጥብ ነበር። እኛ ሽማግሌ ነን ብለን የሄድነው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱን ያስተዋወቅናቸውም እኛው፣ ራሳችንን ነቅንቀን ወጣን። በሚቀጥለው ዓርብ ቀጠሮ አለን፣ ያኔ ተረቱን አቃንቼ እናገረዋለሁ፣ ለሱ ሳይሆን ለአምስታችን።