ክሊፕ ምንድን ነው? «ሳበው፣ ይወጣል» ለሚሉ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የፎርዊል መኪናውን የውጭ ፕላስቲክ ሽፋን ራሱ ቤቱ ሆኖ ሊፈታ ምክር ሲጠይቅ፣ ሌላው «ክሊፕ ብቻ ነው፤ ጫፉን ይዘህ ሳበው» ብሎ ገላገለው። ያቺ «ብቻ» ናት ያናደደችኝ። በእሷ ምክንያት ስንት የተሰነጠቀ ፕላስቲክና ስንት ቀለሙ የተላጠ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) እጄ ላይ እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

ክሊፕ ማለት ፕላስቲኩን ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚያያይዝ ትንሽ ባለ ክንፍ መሰኪያ ነው፤ በቀላሉ ይገባል። በቀላሉ ይወጣል ያለ ግን የለም።

የገብስ ጢም እጅጌህ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? ወደ ላይ ሲሄድ አይታወቅህም፤ ልትመልሰው ስትል ግን ጥርሱ ጨርቁን ይነክሳል። ክሊፕም እንደዚያው ነው። ክንፎቹ በላሜራው ቀዳዳ ሲያልፉ ይታጠፋሉ፣ ካለፉ በኋላ ከጀርባ ይከፈታሉ። ለማስገባት የአውራ ጣት ግፊት ይበቃል፤ ለማውጣት ከዚያ በጣም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። እንዲህ ባይሆን ኮረኮንች ላይ ፕላስቲኩ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ምሳሌውን ልግፋበት፦ ጢሙን ለማስለቀቅ እጅጌውን በሙሉ ብትጎትት የሚቀደደው ጨርቁ ነው፤ ማስለቀቅ ያለብህ ጥርሱ በያዘበት ቦታ ነው። የፕላስቲኩን ጫፍ ይዘህ ስትስብም ጉልበትህ ክሊፑ የተሰካባት ቀጭን ጆሮ ላይ ያርፋል፤ እሷ ትገነጠላለች። መንታ ጥርስ ያለውን የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከክሊፑ ግራና ቀኝ አስገባና አንድ በአንድ አስለቅቅ። ካቻቢቴ ተወው፤ ሲፈለቀቅ የሚደገፈው ቀለሙ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምሳሌው አይሄድም፤ ገብስ መለዋወጫ የለውም።

ክሊፕ ግን አለው። «ክሊፑ ተሰበረ፣ አበላሸሁት» እያለ የሚያዝን ሰው ሳይ ይገርመኛል። ከሦስቱ፣ ማለትም ከላሜራው፣ ከፕላስቲኩና ከክሊፑ፣ ርካሹ እሱ ነው፤ የሚሰበር ካለ እሱ ይሰበር። ሥራ ሳትጀምር ተለዋጭ ክሊፕ አጠገብህ ይኑር፣ የቀዳዳውም ልክ ይግጠም። ብዙዎቹ ናይለን ናቸው፤ ናይለን ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ደረቅ ሆኖ ከቆየ ገና ስትጫነው ቀጭ ይላል፤ እኔ አዲሶቹን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምሰካው።

መሃሉ ላይ ክብ ፒን ያለው ሌላ ዓይነት አለ። የአንዳንዱ ፒን ወደ ላይ ይነሣል፣ የአንዳንዱ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ያኔ አካሉ ይለቃል። ራሱ ላይ መስቀል ምልክት ያለው ብዙ ጊዜ በቀስታ ሲሽከረከር ይነሣል፤ ሰው ግን የብረት ብሎን መስሎት በኃይል ያሽከረክረዋል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ምልክቱ ይፋቃል። ከጭቃ ጋር የደረቀ ፒን አብሮህ ሲሽከረከር ከሥሩ በቀጭን ነገር ቀና አድርገው።

ጭቃ ካነሣን፣ መጀመሪያ እጠብ። ከፕላስቲኩ ጀርባ የተጠራቀመው አሸዋ ስትፈለቅቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፈገፍገዋል።

እንግዲህ «ክሊፕ ብቻ» ላለው ሰው፦ ወዳጄ፣ ጎማውን ከላይ የሚከበው ጥቁር ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ በጎማው ቤት ውስጥ የተደበቀ ብሎን አለው። እኔም ጀማሪ እያለሁ አንዷን ሳላይ ስቤ ጆሮውን ይዤ ቀርቻለሁ። የበር ላይ ሞልዲንግ (በሩን ከጭረት የሚጠብቀው ረጅም ፕላስቲክ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለት ፊት የአረፋ ቴፕ የተለጠፈ ነው፤ እሱን መሳብ ከቀለሙ ጋር መጣላት ነው፣ በተለይ ድጋሚ የተቀባ ከሆነ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፣ ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላው አስገብተህ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳብ። ሙቅ አየር የሚነፋውን የቀለም ማቃጠያ ጠመንጃ አትጠቀም፤ ብዙው የውጭ ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ዓይነት ነው፣ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ጠመንጃው ከዚያ በላይ ያወጣል። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረግ። ቲነር የሚጠቀም ሰው በኋላ ቀለም ለማስቀባት እኔ ጋ ይመጣል።

መልሰህ ስትሰካ ደግሞ የቀዳዳውን ጠርዝ እየው። ተፋቆ ብረቱ ከታየ ፀረ ዝገት ንካው። አንዳንድ ክሊፕ አንገቱ ላይ የአረፋ ወይም የጎማ ቀለበት አለው፤ ውኃ ወደ በሩ እንዳይገባ ነው፣ «ትርፍ ነገር» ብለህ አትጣለው።

ፕላስቲኩን ጨርሶ ላለመመለስ ከሆነ የፈታኸው፣ ከሥሩ የሚታየው ደማቅ መስመር ሙጫ መስሎህ ስትፈትግ እንዳታመሽ። ፀሐይ ያላየው ቀለም ነው። የደበዘዘው ዙሪያው ነው፤ ፖሊሽ በመጠኑ ያቀራርበዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።