ሃይድሮሊክ ስሌት ምንድን ነው? ያረጀ የስፕሪንክለር ቱቦ ሲቀየርስ ለምን ያስፈልጋል?

ያረጀ የስፕሪንክለር (ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ቱቦ ሊቀየር ሲታሰብ ከባለንብረቱ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «የነበረው 2 ኢንች ነው፤ 2 ኢንች ገዝታችሁ ቀይሩት።» ለእጅ መታጠቢያ መስመር ቢሆን ያስኬዳል። ቱቦው ቢጠብ ባልዲው ዘግይቶ ይሞላል፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም። እሳት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሃይድሮሊክ ስሌት የሚባለው ሥራ እሳት ቢነሳ ከውሃው ምንጭ ርቆ የተሰቀለው ስፕሪንክለር በቂ ውሃ በበቂ ግፊት ይደርሰው እንደሆነ አስቀድሞ በቁጥር ማረጋገጥ ነው። የሚጀመረውም ከፓምፑ ሳይሆን ከሩቁ ጫፍ ነው። እዚያ የሚፈለገው ውሃ ይያዝና ቱቦ በቱቦ ወደ ኋላ እየተመለሱ በመንገድ የሚባክነውን ግፊት ይደምሩበታል።

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር እናስብ። በብዙ አገር የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 13 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ እንዲህ ላለው ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየደቂቃው 8.1 ሊትር ውሃ እንዲወርድ፣ ይህም 139 ካሬ ሜትር እንዲሸፍን ይጠይቃል። አንድ ስፕሪንክለር 12 ካሬ ሜትር ቢሸፍን በደቂቃ 97 ሊትር ገደማ ማፍሰስ አለበት ማለት ነው። የተለመደው ዓይነት በ1 ባር ግፊት የሚያፈሰው 80 ሊትር ስለሆነ 97 ለማድረስ 1.5 ባር ያህል ያስፈልገዋል። በዚህ ስፋት ውስጥ 12 የስፕሪንክለር ራሶች (ውሃውን የሚረጩት ጫፎች) ይኖራሉ፤ ድምሩ በደቂቃ ቢያንስ 1,170 ሊትር ይሆናል። ወደ ፓምፑ የቀረቡት ራሶች ግፊት ስለሚበዛላቸው ከድርሻቸው በላይ ያፈሳሉ፤ «ቢያንስ» ያልኩት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የቱቦው ሰበቃ ይጨመራል፣ እያንዳንዱ ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ)ና ቫልቭ ይጨመራል፣ ለየ10 ሜትሩ ከፍታም 1 ባር ያህል ይጨመራል።

ሁሉም ራሶች አንድ ላይ ይከፈታሉ ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። አይከፈቱም። እያንዳንዱ ራስ የራሱ የመስታወት ብልቃጥ አለው፤ ቀዩ 68 ዲግሪ ሲደርስ ይፈነዳል። እዚህ ላይ ለድሬ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀዩ ብልቃጥ የሚመከረው የጣሪያው ሙቀት ከ38 ዲግሪ ለማያልፍበት ቦታ ነው። የእኛ ቆርቆሮ ሥር ከዚያ ያልፋል። ቱቦው ሲቀየር ራሶቹም ወደ ቢጫ (79) ወይም አረንጓዴ (93) መቀየር እንዳለባቸው አብሮ ይታይ።

የቆዩት ሕንፃዎች ቱቦ የተመረጠው በስሌት ሳይሆን በሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ 1 ኢንች ቱቦ 2 ራስ፣ አንድ ተኩል ኢንች 5 ራስ፣ 2 ኢንች 10 ራስ ይመግባል። ሠንጠረዡ ምንጩ በቂ ነው ብሎ ይነሳል፤ ፓምፑ ምን ያህል እንደሚገፋ አይጠይቅም። ሕንፃው ሲሠራ የእንግዳ ክፍል የነበረው ዛሬ ሱቅ ሆኖ ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው ውሃ ከ4.1 ወደ 8.1 ሊትር ያድጋል። ውሃው እጥፍ ሲሆን ራሱ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ የንግድና የመጋዘን ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ቤት አገልግሎቱን መቀየሩ አይቀርም።

ድሬ ያደገ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ሽፋን ያውቀዋል። የከርሰ ምድር ውሃችን ኖራ ይበዛዋል። ስፕሪንክለር ቱቦ ውስጥ ግን ውሃው ቆሞ ስለሚኖር ዋናው ጠላት ውሃው ይዞት የሚገባው ኦክስጅን ነው፤ ብረቱን ያዝገዋል። መስመሩ ለጥገና በፈሰሰና እንደገና በተሞላ ቁጥር አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ኖራ ይገባል። የዛገው እብጠት ቱቦውን ያጠበዋል፣ ግድግዳውንም ያሻክረዋል። የቱቦው የውስጥ ስፋት በ10 በመቶ ብቻ ቢጠብ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት በ67 በመቶ ይጨምራል። መሐንዲሶች ልስላሴን የሚለኩበት ቁጥር አለ፤ ውሃ ሁልጊዜ ለሚሞላው የብረት ቱቦ 120 ተብሎ ይሰላል። ወደ 80 ከወረደ ብክነቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል።

«እንግዲያው አዲስ ለስላሳ ቱቦ ከገባ ነገሩ አለቀ» ይባል ይሆናል። አላለቀም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የብረት 2 ኢንች ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 52.5 ሚሊ ሜትር ነው። በቦታው የሚገባው 63 የሚባለው ፒፒአር የተሰኘ የፕላስቲክ ቱቦ ግን 63 የሚለካው በውጭ በኩል ነው። የወፍራሙ ዓይነት ግድግዳ 10.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለውሃው የሚቀረው 42 ብቻ ነው። ልስላሴው ብረቱን ቢያስከነዳም ግፊት የሚያባክነው ከአዲስ ብረት ቱቦ እጥፍ ያህል ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን ወፍራም ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም። ለእሳት መከላከያ የተፈቀደ ዓይነት መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ስሌቱ ውሃው ከየት እንደሚመጣም ይጠይቃል። ሰገነት ላይ የተቀመጠ 10,000 ሊትር ሮቶ ከላይ ባሰላነው ፍሰት 9 ደቂቃ እንኳ አይቆይም፤ ለዚህ ዓይነት ቦታ የሚጠየቀው ግን ቢያንስ 60 ደቂቃ ነው፣ ያውም የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጎማ የሚወስዱትን ሳይጨምር። ከፍታውም አያግዝም። የስፕሪንክለሩ ራስ ከሮቶው 3 ሜትር ዝቅ ቢል የሚያገኘው 0.3 ባር ነው፤ ለአንድ ራስ የተፈቀደው ትንሹ ግፊት 0.5 ባር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምድር ታንከርና የራሱ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑም በወረቀቱ ሳይሆን ዛሬ ተለክቶ በሚሰጠው ቁጥር ይያዝ።

ሥራው ሲያልቅ ባለንብረቱ የስሌቱን ወረቀት ይቀበል። ዋናው ቁልፍ አጠገብ የምትሰቀል ትንሽ ብረት ሰሌዳም አለች፤ ስንት ሊትር በስንት ባር እንደሚያስፈልግ ተጽፎባታል። ከዓመታት በኋላ ፓምፑን የሚፈትሽ ሰው የሚያነበው እሷን ነው። ቱቦው ተቀይሮ አሮጌዋ ሰሌዳ እዚያው ከቀረች ቁጥሯ የሌላ መስመር ነውና ተነቅላ አዲሷ ትሰቀል።