የሃሪኬን ድንበር በቀስት አይታይም

አሜሪካ ላይ ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ግዙፍ የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ) በተነሳ ቁጥር አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ስልኩን አፍንጫዬ ስር የሚደቅን ሰው አይጠፋም። ስክሪኑ ላይ የነፋስ ቀስቶች ይሽከረከራሉ። «ይኸው፣ ዓይኑ (ጸጥ ያለው መሃሉ) እዚህ ጋ ነው፤ ከዚህ መስመር ውጪ ያለ አየር አይገባም» ይለኛል። ፍሉይድ ሜካኒክስ (የፈሳሽና የአየር ፍሰት ትምህርት) ለሚያስተምር ሰው ይህን በዝምታ ማለፍ ከባድ ነው። ወደ ቀስቶቹ ከመመለሴ በፊት ግን ስለ ሃሪኬን የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችንም እግረ መንገዴን ልጥቀስ።

«ዓይኑ ሲደርስ ጸጥ ካለ አለፈ ማለት ነው።» አላለፈም። ሁለተኛው ግማሽ ነፋሱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞ ይመጣል።

«የሚገድለው ነፋሱ ነው።» አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ ውሃው ነው።

«እኛን አይመለከተንም።» ሃሪኬን አዲስ አበባ አይደርስም፣ ልክ ነው። ጉልበቱ ከሞቃት ባሕር ነው፤ እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሳይክሎኖች የዐረቢያን በረሃ አረጠቡት (ሳይክሎን ያው ሃሪኬን ነው፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል)። አንበጣው እዚያ ተራባ። በቀጣዩ ዓመት መንጋው ማሳችን ላይ ነበር።

አሁን ወደ ቀስቶቹ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ቀስት የሚነግረን አየሩ በዚያች ቅጽበት ወዴት እያለ እንደሆነ ብቻ ነው። ከአስር ደቂቃ በኋላ አየሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ቀስቶቹም ተለውጠዋል። የአንድ ቅጽበት ቀስቶችን አገናኝቶ «የአየሩ መንገድ ይህ ነው» ማለት አይሆንም። የባሰው ደግሞ አውሎው ራሱ ይጓዛል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ ከጉዞው በስተቀኝ የሽክርክሪቱና የጉዞው ፍጥነት ይደመራሉ፤ በስተግራ ይቀናነሳሉ። ስለዚህ ከመሬት ሲታይ የቀስቶቹ ክብ መሃል ከእውነተኛው መሃል ወደ ግራ ይሸሻል። ከአውሎው ጋር እየተጓዘ ለሚያየው ደግሞ ክቡ ሌላ ቦታ ነው። አየሩ ገባ ወይስ አልገባም የሚለው ግን እንደ ተመልካቹ አይለዋወጥም። እንደ ተመልካቹ የሚለዋወጥ መስመር ታዲያ እንዴት ድንበር ይሆናል?

ትክክለኛው መንገድ አየሩን መከተል ነው። ኮምፒውተር ላይ ነጥቦች በብዛት ትበትናላችሁ። በየጊዜው የሚለወጠው ነፋስ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ጎረቤት የነበሩት ምን ያህል እንደተራራቁ ትለካላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ጎን ለጎን የገቡ ሁለት ታክሲዎች አንዱ ሳር ቤት፣ ሌላው ልደታ ከተገኙ መለያው መስመር በመካከላቸው ያልፍ ነበር ማለት ነው። በጣም የተራራቁት ነጥቦች የተነሱበት ቦታ ሲያያዝ አየር የሚለያይበትን ድንበር ይሰጣል። ሰዓቱን ወደ ኋላ ብታስኬዱት አየር የሚሳብበት መስመር ይወጣል። የፍሰት ተመራማሪው ጆርጅ ሃለር እና ባልደረቦቹ ለእነዚህ መስመሮች ያስተዋወቁት ስም ላግራንጂያን ኮሂረንት ስትራክቸር ነው፤ አየሩን በመከተል የሚገኝ የፍሰት ቅርጽ እንደ ማለት።

ድንበር ሲባል ግን ግንብ አይምሰላችሁ። የዓይኑ ግድግዳ የሚባለው፣ ዓይኑን የከበበው ኃይለኛ ነፋስ ያለበት የደመና ቀለበት፣ እሱም ያፈስሳል። ከታች፣ ባሕሩ አጠገብ፣ በዓይኑ ውስጥ ያለ ሞቃትና እርጥብ አየር በትናንሽ ሽክርክሪቶች ወደ ግድግዳው ይገባል። ከውጭ ደረቅ አየር ሰርጎ ከገባ አውሎው ሊዳከም ይችላል። ድንበሩን የምንፈልገውም የት በኩል እንደሚያፈስስ ለማወቅ ነው።

አንድ ተማሪዬ በዚሁ ዘዴ የአንድን ሃሪኬን የዓይን ግድግዳ ድንበር ላውጣ ብሎ መጣ። ኮዱ ንጹህ ነው። መረጃው ግን በየስድስት ሰዓቱ የተመዘገበ ነፋስ! እስቲ አስሉት። ግድግዳው ከመሃል 25 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ዙሪያው 157 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደረጃ 5፣ ማለትም ከፍተኛው የሃሪኬን ደረጃ፣ የሚጀምረው በሰዓት 252 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ነው። አየሩ አንድ ዙር የሚጨርሰው ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። በሁለት መዝገብ መካከል ከዘጠኝ ጊዜ በላይ ዞረ ማለት ነው። ምኑን ትከተለዋለህ?

ኢራ 5 (ERA5) የሚባለው ያለፈውን የዓለም አየር ሁኔታ የያዘ ነጻ መረጃ በየሰዓቱ ነው፤ ነፋሱ የተሰጠባቸው ቦታዎች ግን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጠባብ ዓይን በአንድ ሁለት ቦታ ያልቃል። ስለዚህ ወይ ጥራት ያለው ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተሠራ የአውሎ አምሳያ)፣ ወይ አውሎው ውስጥ ከሚበር አውሮፕላን ዶፕለር ራዳር (የነፋስን ፍጥነት የሚለካ ራዳር) የተገኘ ነፋስ ፈልጉ። ከሌለ ግድግዳውን ትታችሁ የአውሎውን የውጭ ክፍል ሥሩ። ኮዳችሁንም መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ቀላል ፍሰት ላይ ፈትሹት፤ እሱን ሳታደርጉ ቢሮዬ አትምጡ።