ኢሙሌተሩ ለምን ይንቀራፈፋል? በአሮጌ ላፕቶፕ ዙሪያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ አፕሊኬሽን መሥራት የሚማሩ ወጣቶች አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፈው ሲመጡ ችግራቸው አንድ ዓይነት ነው። ዊንዶውሱ እንዳይነካባቸው ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር፣ ይጭናሉ፤ በሊኑክሱ ውስጥ ደግሞ የአንድሮይድ ኢሙሌተር (ስልክን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ይከፍታሉ። ከዚያ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ቢቀርብም የስልኩ ገጽ አይመጣም።

«ራም ከጨመርኩ ይፈጥናል።» አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋ ባይት አሳድጋ መጣች። ኢሙሌተሩ እንደነበረው ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ገንዘቡ በቀላሉ የተገኘ አልነበረምና። ራም ሲያንስ ማሽኑ መታነቁ እውነት ነው፤ የኢሙሌተር ፍጥነት ግን በመጀመሪያ የሚመጣው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ (ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽንን በቀጥታ እንዲያንቀሳቅስ የሚያስችለው ችሎታ) ነው። ከፕሮሰሰር አምራቾቹ ኢንቴል ይህን ድጋፍ በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል። በእሷ ላፕቶፕ ድጋፉን ቨርቹዋል ማሽኑ ይጠቀምበታል እንጂ ወደ ውስጥ አያሳልፈውም ነበር። እንዲህ ሲሆን ኢሙሌተሩ ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ የፕሮሰሰሩን ሥራ በሶፍትዌር እያስመሰለ ይጎተታል።

«ድጋፉን ባዮስ ላይ ከፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ በውስጥም ይሠራል።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የቅንብር ፕሮግራም) የሚከፍተው የውጭውን በር ብቻ ነው። ለውስጠኛው ኢሙሌተር ቨርቹዋል ማሽኑ ራሱ ድጋፉን ማሳለፍ አለበት። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ይህን ለኤኤምዲ የጀመረው በ6.0 ስሪቱ ነው፤ ለኢንቴል በ6.1 ሲጨምረው ደግሞ ከ5ኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች ወዲህ ላሉት ነው። ስለዚህ ባለ 2ኛ ወይም ባለ 3ኛ ትውልድ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚህ መንገድ ሌሊቱን ቢለፋ ትርፉ ድካም ነው።

«የአርም ምስል ለአሮጌ ማሽን ይቀላል።» የአርም ምስል ማለት ለስልክ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጀ የአንድሮይድ ቅጂ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ እያንዳንዱ የአርም ትእዛዝ መተርጎም አለበት፤ ቨርቹዋል ማሽን ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ በአስተርጓሚ አስተርጓሚ እንደ መነጋገር ይሆናል።

«እንግዲያው ላፕቶፔ አይረባም።» አብሽሩ! የሚቀነሰው አንድ ፎቅ ነው። ኢሙሌተሩን በቀጥታ በዊንዶውሱ ላይ አስነሱት። በመጀመሪያ ግን ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ። ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር የተዘጋጀውን፣ አንድሮይድ ኤክስ86 የተባለውን ሥርዓት ራሱን እንደ ቨርቹዋል ማሽን መጫንም ይቻላል፤ ያኔ ሊኑክሱ ከመካከል ይወጣል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የኪስ ስልክን ነው። «ያለ ኢሙሌተር አፕሊኬሽን መሥራት አይቻልም» የሚለውን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ብዙ ልጆችን ከትምህርቱ ያራቀው ይህ አባባል ነው። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የግንባታ ቁጥሩን 7 ጊዜ ንኩ፣ በሚከፈተው የገንቢዎች ምርጫ የዩኤስቢ ዲበጊንግን (ኮምፒውተሩ አፕሊኬሽን በስልኩ ላይ እንዲጭንና እንዲፈትሽ የሚፈቅደውን) አብሩ፣ ከዚያ በገመድ አያይዙት። ሥራችሁ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ከሆነ ከማሽኑ የዩኤስቢ ዝርዝር ስልኩን መምረጥ አትርሱ፤ አለዚያ ሊኑክሱ አያየውም። የኮምቦልቻዋ ተማሪ የመጀመሪያ አፕሊኬሽኗን ያየችው በዚህ መንገድ፣ ፊቱ በተሰነጠቀ የወንድሟ ስልክ ላይ ነው።