የዘመን መንሸራተት ልብ ወለድ ምንድን ነው?

አንድ ልጅ በማያውቀው ቤት ያድራል። ሌሊት ተነሥቶ በር ሲከፍት ውጭ የሚያየው የዛሬውን ግቢ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ነው። ማሽን አልሠራም፣ ድግምት አልደገመም፣ ልሂድ ብሎም አላሰበም። የዘመን መንሸራተት የሚባለው ይህ ነው፦ የዛሬ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ፣ ሳያስበው ሌላ ዘመን ውስጥ የሚገባበት፣ ወይም የሌላ ዘመን ሰው እሱ ወዳለበት የሚመጣበት ታሪካዊ ልብ ወለድ።

ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚለየው እዚሁ ላይ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው የጊዜ ተጓዥ ማሽኑን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ነድቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ምርጫው የልጁ አይደለም። የሚወስደው ያረጀ ቤት፣ አልጋ፣ ሰዓት፣ ወይም አንድ ከጥንት የተረፈ ዕቃ ነው። ቤት ለደራሲዎቹ እጅግ የሚመቻቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው እየተቀያየረ ግድግዳው ይቆያል፣ ሁለት ዘመን አንድ ደረጃ ላይ ቢገናኝም አንባቢ ብዙ አይጠራጠርም።

መንገዱ ሁለት ነው፦ ልጁ ወደ ድሮው ይሄዳል፣ ወይም የድሮው ሰው ወደ ልጁ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለቱም በየፊናቸው መጽሐፍ ሆነው ወጡ። ኢዲት ኔስቢት የመጽሐፏን ልጆች በግማሽ ክታብ ኃይል ወደ ጥንታዊት ግብፅና ወደ ባቢሎን ላከቻቸው። ሩድያርድ ኪፕሊንግ በበኩሉ ሁለት ልጆችን ከእንግሊዝ ገጠር መስካቸው ሳያነቃንቅ አንድ የሮማ መቶ አለቃና አንድ የኖርማን ባላባት አምጥቶ ታሪካቸውን አስወራላቸው። እነዚህ እንግዶች ሙት መንፈስ ተብለው አይጠሩም፤ ሥራቸው ግን የመንፈስ ሥራ ነው፤ ሞተው፣ ተቀብረው፣ መጥተው ይናገራሉ። (ኔስቢት ሌላውንም አቅጣጫ ሞክራዋለች። የባቢሎን ንግሥት ለንደን መጥታ በብሪቲሽ ሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያሉትን ጌጦች የኔ ናቸውና መልሱልኝ ትላለች። ስለ ሙዚየም ክርክር ከዚህ የሚያስቅ ምዕራፍ አላነበብኩም።)

እኔ እንደሚመስለኝ የሙት መንፈስ ታሪክና የዘመን ጉዞ በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ውስጥ ሁለት ነገር አይደሉም። የሚለያዩት አንባቢው በሩን በየትኛው በኩል ቆሞ እንደሚያይ ነው። የሞተ ሰው ወደኛ ሲመጣ መንፈስ እንለዋለን። እኛ ወደሱ ስንሄድ ግን፣ ለሱ መንፈሱ እኛ ነን፤ ገና አልተወለድንማ።

ይህን ፊሊፓ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው «የቶም የእኩለ ሌሊት የአትክልት ስፍራ» ውስጥ ያህል አጥርቶ ያሳየ የለም። ቶም የወንድሙ ኩፍኝ እንዳይጋባበት አክስቱ ዘንድ ተልኳል። የአክስቱ መኖሪያ ተከፋፍሎ አፓርታማ የሆነ የድሮ ትልቅ ቤት ነው። አንድ ሌሊት የምድር ቤቱ ሰዓት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ይደውላል፤ ቶም ወርዶ የጓሮውን በር ሲከፍት በቀን የቆሻሻ በርሜል የነበረበት ቦታ ሰፊ የአትክልት ስፍራ ሆኖ ይጠብቀዋል። እዚያ ሃቲ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ያገኛል። ከሷና ከአትክልተኛው ከአቤል በቀር የሚያየው ሰው የለም፤ አቤልም ይህ ነገር ከክፉ መንፈስ ነው ብሎ ይፈራዋል። አንድ ቀን ሁለቱ ልጆች ይጣላሉ። መንፈሱ አንተ ነህ ትለዋለች፤ አይደለም፣ የሞትሽው አንቺ ነሽ ይላታል። ሃቲ አልሞትኩም ብላ ታለቅሳለች። ደግሞም ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዱ ከቆመበት ዘመን ሆኖ የሚያየው ትክክል ነው።

ለምን ይህን ያህል ጣጣ? ደራሲው ለምን በቀጥታ ስለ ድሮ ልጅ አይጽፍም? ዋናው ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወጥ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ጭሱን አታስተውለውም፤ ሁልጊዜ ያለ ነውና። ዓይኗን የሚያቃጥላትና የምትናገረው እንግዳዋ ናት። ደራሲው በየገጹ ገለጻ ማስገባቱ ይቀርለታል፤ የልጅቷ ግራ መጋባት ሥራውን ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነሣም፣ እኔ ግን የበለጠ እወደዋለሁ። በቀጥተኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ ደራሲዎች አንድ የታወቀ ኃጢአት ይሠራሉ፦ አንባቢ እንዲወዳት ሲሉ የጥንቷን ልጅ የዛሬ ሐሳብ ያሸክሟታል። ስለ ሴቶች፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ሃይማኖት ልክ እንደኛ ታስባለች፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ግን እንደ ዘመናቸው። በዘመን መንሸራተት ታሪክ ውስጥ የዛሬውን ሐሳብ የሚሸከመው የዛሬው ልጅ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች የራሳቸውን እምነት ይዘው፣ በራሳቸው እርግጠኛ ሆነው መኖር ይችላሉ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተጓዡ መጨረሻውን ያውቃል። አሊሰን አትሊ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው የዘመን ተጓዥ ታሪክ ፔኔሎፒ የምትባል ልጅ ደርቢሺር ካለ የዘመዶቿ የእርሻ ቤት ወደ አንቶኒ ባቢንግተን ዘመን ትንሸራተታለች። ባቢንግተንና ወንድሙ የታሰረችውን የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪን ለማስመለጥ ያሤራሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ተስፋ ያደርጋሉ። በእውነተኛው ታሪክ ባቢንግተን እ.ኤ.አ. በ1586 ተሰቀለ፤ ንግሥቲቱም በየካቲት 1587 አንገቷ ተቀላ። ፔኔሎፒ የንግሥቲቱን ፍጻሜ እያወቀች ከነዚህ ሰዎች ጋር እንጀራ ትቆርሳለች። ብትናገር ማን ያምናታል? ቢያምኗትስ ምን ይለወጣል? ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እዚህ ላይ ታሪክን ልቀይር ብሎ ይነሣ ነበር። ታሪካዊ ልብ ወለድ ግን ለመዝገቡ ታማኝ መሆን አለበት፤ የሆነው ሆኗል። ልጁ ማዳን አይችልም፣ ማወቅና መውደድ ግን ይችላል። ሐዘኑም ውበቱም ከዚህ ይመነጫል።

መንፈሱ ወደኛ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን የማያውቀው እንግዳው ነው። ተጓዥ ይጠይቃል፣ መንፈስ ግን ከኛ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ያልተፈጸመ ጉዳይ አለው። ፔኔሎፒ ላይቭሊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመችው «የቶማስ ኬምፕ ሙት መንፈስ» ውስጥ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠንቋይ ተነሥቶ ጄምስ የሚባለውን ልጅ ደቀ መዝሙሬ ሁን ብሎ ያስጨንቀዋል። ዕቃ ይሰብራል፣ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ቅጣቱ ጄምስ ላይ ይወድቃል። አስቂኝ ነው፤ ግን ያለፈው ዘመን ሁሉ ደግ ሽማግሌ እንዳልሆነ ያስታውሳል። ሉሲ ቦስተን በተቃራኒው የዋህ መናፍስት ነው የጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው «የግሪን ኖው ልጆች» ውስጥ ቶሊ አብረውት የሚጫወቱት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1665ቱ ወረርሽኝ የሞቱ ናቸው። ቤቱ ደራሲዋ ራሷ የኖረችበት፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤት ነው።

የጉዞውን ማስረጃ በተመለከተ ደካማው መውጫ «ሕልም ነበር» ማለት ነው። ሁለት መቶ ገጽ አብሮ የተጓዘ አንባቢ እንዲህ ሲባል ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ጎበዝ ደራሲ ዕቃ ያስተርፋል። ቶም ሃቲን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን በክፍሏ ወለል ሥር እንድትደብቅለት ይለምናታል። በራሱ ዘመን ወለሉን ሲያነሣ ከነ ማስታወሻው ያገኘዋል። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በዚያው በአንድ ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ። ስሌቱን ሊፈታው የሚሞክር ልጅ ራሱ ይዞርበታል፤ ስሜቱ ግን አይሳሳትም።

መንገዱ ሁሉ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ጄን ዮለን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ ሐና የምትባል አይሁዳዊት ልጅ የቤተሰቧ «አስታውሱ» ማለት ሰልችቷታል። በፋሲካ ማዕድ ለነቢዩ ኤልያስ በር ስትከፍት ራሷን እ.ኤ.አ. በ1942፣ ናዚዎች አይሁዶችን በሚፈጁበት ዘመን፣ በአንድ የፖላንድ መንደር ውስጥ ታገኛለች። የሚመጣውን ታውቃለች፣ እንዳይሄዱ ትለምናለች፣ የሚያምናት የለም። እዚህ ላይ ስልቱ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ሚሊዮኖች ካልተመለሱበት ቦታ ጀግናዋን ወደ ማዕዱ መመለስ ተገቢ ነው? ዮለን ያለ ዋጋ አልመለሰቻትም፤ ሐና በጓደኛዋ ምትክ ወደ ሞት ትሄዳለች። ለኔ ያ ዋጋ ታሪኩን ያቆመዋል፤ ባይኖር ኖሮ ጉብኝት ይሆን ነበር።

ጉብኝት መሆን የዚህ ዓይነት ድርሰት ዋና በሽታ ነው። ልጁ ይገባል፣ ሦስት ዝነኛ ሰው ያገኛል፣ እጅ መታጠብ ያስተምራቸዋል፣ ይሥቅባቸዋል፣ ይወጣል። ምንም አልጠፋበትም፣ ማንንም አላጣም። ፔኔሎፒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመችው ታሪክ ተቃራኒው ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችው ሻርሎት በተኛችበት አልጋ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ1918 ከምትኖር ክሌር ጋር ሌሊት ሌሊት ቦታ ትለዋወጣለች። ሁለቱ አይገናኙም፤ በደብተር ብቻ ይጻጻፋሉ። የክሌር ታናሽ እኅት ለውጡን ታውቃለች፤ ሌላው ሁሉ ሻርሎትን ክሌር ብሎ ሲጠራ ልጅቱ እኔ ማን ነኝ ማለት ትጀምራለች። በመጨረሻ እያንዳንዷ ወደ ዘመኗ ትመለሳለች። ክሌር የተመለሰችው ግን የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) ዓለምን ወዳጠቃበት ዓመት ነው፤ ሻርሎትም መሞቷን የምትሰማው በራሷ ዘመን ሆና፣ ነገሩ ካለፈ ብዙ ዓመት በኋላ ነው።