ቁርኝት ምንድን ነው? ማሳደጊያ ውስጥ ያደጉ ልጆች ላይ ለምን ይከብዳል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስጠና ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገና ግቢውን ስረግጥ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችና «ጋሼ፣ የኔ ነህ!» አለችኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀችም። ደስ ብሎኝ «እንዴት ያለች ተግባቢ ልጅ ናት» ብዬ ለሞግዚቷ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው አልፈታም። «ለመጣው ሁሉ እንዲሁ ናት። ትናንት ማገዶ ያመጣውን ሰውዬም አብሬህ ካልሄድኩ ብላ አልቅሳበታለች» አሉኝ።

እዚያው ግቢ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሒሳብ ሳስጠናው ለሦስት ወር ያህል ቀና ብሎ አላየኝም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ስንጨርስ ደህና ዋል ሳይል ይነሳል። አንዷ ሰው ሁሉ ላይ ትለጠፋለች፣ አንዱ ማንንም አያስጠጋም። የጎደላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቁርኝት ይሉታል።

ቁርኝት ልጅ ከአንድ ወይም ከጥቂት አሳዳጊዎቹ ጋር የሚመሠርተው ጽኑ ትስስር ነው፤ ሲፈራ፣ ሲያመው፣ ሲከፋው የሚሸሽበት ጉያ። ሕፃን ሲያለቅስ አንድ ሰው ያነሳዋል። ሲርበው፣ ሌሊት ሲባንን፣ ያው ሽታ፣ ያው ድምፅ፣ ያው እጅ ይመጣል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት ሲደጋገም፣ ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ «ብጠራ ይመጡልኛል» የሚል እምነት ያድርበታል። አድጎ ንዴቱንና ጭንቀቱን ራሱ ማብረድ የሚችለውም በሕፃንነቱ ሌላ ሰው ደጋግሞ ስላበረደለት ነው። የግድ የሥጋ እናት መሆን የለባትም፤ አያትም አክስትም ጎረቤትም ትሆናለች። ዋናው መቆየቷ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሪፖርት ይህንኑ ነበር የተናገረው።

ማሳደጊያ ውስጥ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እንጀራና ብርድ ልብስ አይደለም። ሞግዚቶች በፈረቃ ይሠራሉ፤ ቀን ያባበለችው ማታ የለችም። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ የተሻለ ያገኘችው ትሄዳለች። በበዓል ሰሞን ዳቦና ለስላሳ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ልጁን አቅፎ ፎቶ ይነሳና በዚያው ይቀራል። ልጅ በእያንዳንዱ መሄድ አንድ ነገር ይማራል፤ ወይ ለተገኘው ሁሉ መጣበቅን፣ ወይ ጨርሶ አለመጠጋትን። ሰዎች ዓመል ነው ይላሉ። እኔ ግን የደረሰበትን በደንብ ያስተዋለ ልጅ ጥንቃቄ ነው እላለሁ።

በሩማንያዋ ቡካሬስት ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተካሄደ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አደራ ቤተሰብ ገቡ፤ ይህም ልጁን በጉዲፈቻ ሳይወስድ ቤቱ አስገብቶ የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። የእነዚህ ልጆች ቁርኝት ከቀሩት የተሻለ ሆነ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ላይ ለውጡ ጎልቶ ታየ። የእኛም አገር መመሪያ አካሄዱ ይኸው ነው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የእኛው ደጅ ላይ ወድቋል፤ ዘመድ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ አደራ ቤተሰብ።

ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ቁስሉ መልኩን ይለውጣል። በእኛ ቋንቋ «ሆደ ባሻ» የምንለው ይመጣል፤ በትንሽ ነገር ሆዱ ይብሰዋል፣ አንድ ቃል ለሳምንት ያኮርፈዋል። ከፍቶኛል አይልም፤ ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። በዚያ ላይ መንዝም ተጉለትም ቡልጋም ብትሄዱ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ ዘር ተቆጥሮ ርስት ይካፈሉበት የነበረ አገር ስለሆነ ነው። መልሱ ለሌለው ልጅ ግን በየቀኑ የሚነካካ ቁስል ነው። ዕድሜው ወደ 18 ሲጠጋ ደግሞ ከማሳደጊያው መውጣቱ ያስጨንቀዋል። ማን ጋ ነው የማርፈው? ብታመም ማን ይጠይቀኛል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ያለ ቤተሰብ በሚያድጉት ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይበዛል።

ልጁ መብላትና መተኛት ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከተነጠለ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ትኩረት ፍለጋ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መውሰድ፣ ብቻውንም አለመተው ነው። ጠበል የሚሄድም ካለ ይሂድ፤ ሕክምናው ግን አይቋረጥ።

ከዚህ መለስ ላለው፣ ቁርኝት በሁለት ዓመት በሩ ተዘግቶ የሚቀር ነገር አይደለም። ጎረምሳም ቢሆን አንድ የሚቆይለት ሰው ካገኘ ቀስ በቀስ ይጠጋል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የተናገሩትን ቀን ማክበር፣ መሄድ የግድ ከሆነም ሳይሰወሩ ተሰናብቶ መሄድ ነው። ሞግዚቶችንም በየጊዜው ከክፍል ክፍል አለማዘዋወር፣ ደመወዛቸውንም የሚያቆያቸው ማድረግ።

ለዚያ ለአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ አንድ ቀን «የሚቀጥለው ቅዳሜ ለቅሶ ስላለብኝ አልመጣም፤ በወዲያኛው ግን እመጣለሁ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ተነሳ። በወዲያኛው ቅዳሜ አሥር ደቂቃ አርፍጄ ስደርስ ደብተሩን በጋቢው ውስጥ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«አረፈድክ» አለኝ፣ ዐይኔን እያየ።