«ተማሪው ይጨርስልናል» እና ሌሎች የሜንተርነት ስህተቶች

ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች ለጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ወይም ለአውትሪቺ፣ ማለትም ጀማሪዎች እየተከፈላቸው በእነዚህ ፕሮጀክቶች ላይ ለሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች፣ ሲዘጋጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይነሳ አይቀርም፤ ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል። «እኛ ጊዜ ያጣንለትን ሥራ ተማሪው ይጨርስልናል።»

አይጨርስላችሁም። የጉግል መካከለኛ ፕሮጀክት 175 ሰዓት ገደማ ነው። በተለመደው 12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 14 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ኮዱን አንብቦ መረዳት፣ ቴስቶቹን ማስኬድና በሪቪው (በኮድ ግምገማ) የተሰጠ አስተያየት ማስተካከልም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። አንድ ሜንተር (ተሳታፊውን የሚመራው የፕሮጀክቱ ሰው) ደግሞ በሳምንት 5 ሰዓት ቢመድብ (አውትሪቺ ቢያንስ ይህን ይጠይቃል) ድምሩ 60 ሰዓት ይሆናል። ኮዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው በ60 ሰዓት ሥራውን ራሱ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ትርፉ ኮዱ ሳይሆን ከፕሮግራሙ በኋላ አብሯችሁ የሚቆየው ሰው ነው።

ደግሞስ ያ ሥራ ለዓመታት የተንከባለለው በጊዜ እጥረት ብቻ ነው? ብዙውን ጊዜ ዲዛይኑ ላይ ሜንቴይነሮቹ (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድሩት) ስላልተስማሙ ነው። ጀማሪውን እዚያ መሀል መክተት አንዱ ያጸደቀለትን ሌላው እንዲያፈርስበት መፍረድ ነው። ክርክሩ ያልተቋጨ ሥራ ለአመልካቾች በምታወጡት የሐሳብ ዝርዝር ላይ አይግባ።

«ፍለጋውን ማፍጠን» ብሎ መጻፍም ሐሳብ ማቅረብ አይደለም። «አሁን አንድ ፋይል ሲቀየር ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) በሙሉ እንደ አዲስ ይገነባል፤ የተቀየረው ፋይል ብቻ እንዲታደስ ማድረግ» ቢባል ግን አመልካቹ የቱን ኮድ ከፍቶ እንደሚያነብ ያውቃል። ከሥሩ የሚጠበቀውን ውጤት፣ የሚያስፈልገውን ችሎታ፣ የክብደቱን ደረጃ፣ የሰዓቱን መጠን (በጉግል 90፣ 175 ወይም 350) እና የሁለት ሜንተሮችን ስም ጻፉ። ሁለት ያልነው አንዱ ሲታመም ወይም ፈቃድ ሲወጣ ግምገማው ቀነ ገደብ እንዳያልፈው ነው።

ሥራውንም ቆራርጡት። የመጀመሪያው ቁራጭ በ2ኛው ሳምንት መርጅ ይደረግ (ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሃድ)፤ ግማሹ ላይ ቢቆም እንኳ የተሠራው ጥቅም ይስጥ። ካልተቆረጠ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ በ11ኛው ሳምንት 4,000 መስመር ያለው ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን ከዋናው ጋር አዋህዱልኝ የሚል ጥያቄ) ይመጣል፤ ሪቪው የሚያደርግለት አይገኝም፤ ዋናው ኮድ ጥሎት ይሄድና እዚያው ይቀራል።

ሌሎች ደጋግመን የምንሰማቸው ስህተቶችም አሉ፦

«ተሳታፊው የግድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።» ጉግል ይህን ግዴታ በ2022 አንስቷል፤ 18 ዓመት የሞላው የኦፕን ሶርስ ጀማሪም ማመልከት ይችላል።

«ክፍያው የፕሮጀክቱ ዕዳ ነው።» በጉግል ገንዘቡ በቀጥታ ለተሳታፊው ይከፈላል። በአውትሪቺ ግን ስፖንሰር ማፈላለግ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ሥራ ነውና ከማመልከታችሁ በፊት ጨርሱት።

«ብዙ የተሳታፊ ቦታ መጠየቅ አይጎዳም።» ይጎዳል። ሜንተሮቻችሁን ቁጠሩ፤ ለአንድ ተሳታፊ ሁለት ሰው ከሌላችሁ ቁጥሩን ቀንሱ።

«ፕሮፖዛሉ ያማረ ሥራውም ያምራል።» ያማረ ፕሮፖዛል ዛሬ በደቂቃ ይጻፋል። አመልካቹን ትንሽ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) አስልኩት፤ ሦስት አስተያየት ስጡበትና ምላሹን እዩ። ያልገባውን የሚጠይቅ ሰው ሁሉንም «እሺ» ብሎ ሁለቱን ሳያስተካክል ከሚመልሰው ይበልጣል።

«ተሳታፊን በግምገማ መጣል ጭካኔ ነው።» ጭካኔውስ ምንም ሳይናገሩ ቆይቶ በመጨረሻው ግምገማ መጣል ነው። ተሳታፊው ለሦስት የሥራ ቀናት ድምፁ ከጠፋ ጻፉለት፤ ሳምንት ካለፈ ምን ሥራ እስከ የትኛው ቀን እንደሚጠበቅበት በጽሑፍ አሳውቁት፣ የፕሮጀክቱን አስተባባሪም ጨምሩበት። ቀኑ ካለፈና ሥራው ከሌለ የአጋማሹ ግምገማ ላይ ጣሉት።